ኮንዶ ውስጥ ነኝ፣ አንቴና አይፈቀድም። በኢንተርኔት የሚሠራው «ሬዲዮ» ያዋጣል?

ሽቦ_ያዡ (ሲልቨር ስፕሪንግ) · ሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ልጅ ሆኜ አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ያዳምጥ ነበር። ሬዲዮኑ ናሽናል ነው። አንቴናው ተሰብሮ ስለነበር የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞበት፣ ሽቦውን በመስኮት አውጥቶ ቆርቆሮው ላይ አስሮታል። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። ታዲያ ልክ ዋናው ዜና ላይ ሲደርስ ድርግም ይላል። ያኔ «ና ሽቦዋን ያዝልኝ» ይለኛል። ስይዛት ይጠራል፤ ስለቃት ይንሿሿል። እጄ እስኪዝል ቆሜ አውቃለሁ። የዚህ መድረክ ስሜም የመጣው ከዚያ ነው።

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጠራኝና ጓሮው ውስጥ ከዛፍ ዛፍ የተዘረጋ ሽቦ አሳየኝ። «ሃም ሬዲዮ ነው» አለኝ፤ ሰው ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ የሚሠራው አማተር ሬዲዮ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ፖርቱጋል ካለ ሰው ጋር አወራ። የሰውዬው ድምፅ ልክ እንደዚያ ጊዜው ይመጣል፣ ይሄዳል። ምን ልበላችሁ፣ ሆዴ ባባ።

ችግሩ እኔ የምኖረው 9ኛ ፎቅ ላይ ነው። የኮንዶው ማኅበር በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት እንኳ ይከለክላል። ዛፍ የለኝ፣ ጓሮ የለኝ። ጉግል ሳደርግ ኤኮሊንክ፣ ዜሎ፣ ሐምስፊር፣ ማምብል የሚባሉ መጡልኝ። ሁሉም ያለ አንቴና ነው የሚሠሩት። ከነዚህ የቱ ነው ሬዲዮ የሚባለው? ፈቃድ ያስፈልጋል? አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜስ ሊገባበት ይችላል? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

ጋሽ_ሞገድ (ዴንቨር) · ሰኞ ማታ

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ያቺን ሽቦ እኔም ይዣታለሁ። የኛ ቤት ግን ፊሊፕስ ነበር።

ከኤኮሊንክ ልጀምር፤ ላንተ ነገር የሚቀርበው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆናታን ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ አማተር የሠራው ነው። በነፃ ነው። ኮምፒውተርም ስልክም ላይ ይጫናል። ስትከፍተው ረጅም ዝርዝር ይመጣል። ከስሙ መጨረሻ ላይ ኤል የሚል ፊደል ካለ አንድ ሰው የቤቱን ሬዲዮ ከኮምፒውተሩ ጋር አያይዞታል ማለት ነው። አር ካለ ሪፒተር ነው፤ ተራራ ወይም ፎቅ ላይ ተቀምጦ የሰማውን በጉልበት መልሶ የሚለቅ ጣቢያ። በኮከብ የሚጀምረው ብዙ ሰው ባንዴ የሚገባበት ነው። ምንም ያልተቀጠለበት ደግሞ እንዳንተ ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

እንግዲህ አልጋህ ላይ ጋደም ብለህ ደቡብ አፍሪካ ያለ ሪፒተር መረጥክ እንበል። ተጭነህ ትናገራለህ። ድምፅህ እዚያ ድረስ በኢንተርኔት ይሄዳል። ከዚያ ሪፒተሩ አየር ላይ ይለቀዋል። መኪና እየነዳ ያለ ሰው በሬዲዮው ይሰማሃል። እሱ ጋ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። ተጭኖ ይመልስልሃል።

ፈቃድ የሚጠይቁህም ለዚህ ነው። ድምፅህ ዞሮ ዞሮ የሰው አገር አየር ላይ ይወጣላ! ስትመዘገብ የአማተር ፈቃድህን ማስረጃ ትልካለህ፤ አይተው ይከፍቱልሃል። ያለ ፈቃድ አይሆንም፤ አጭበርብሬ እገባለሁ ብለህም አታስብ።

ከኤኮሊንክ በፊት አይአርኤልፒ የሚባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ቫንኩቨር ውስጥ የተጀመረ። የሠራው ሰው በአንድ ነገር ድርቅ ያለ ነበር። በሁለቱም ጫፍ ሬዲዮ መኖር አለበት፣ በኮምፒውተር ማይክ መግባት የለም፣ ኢንተርኔቱ መሀል ላይ ያለ ድልድይ ብቻ ነው። ያ ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። እዚህም ይነሣል፣ ታያለህ።

ቀጥተኛው (ዳላስ) · ሰኞ ማታ

እኔ እምለው፣ ኢንተርኔት ካለህ ቴሌግራም አለ። ዋትስአፕ አለ። ተፈትነህ፣ ፈቃድ አውጥተህ፣ ቁልፍ እየተጫንክ የምታወራው ምን ሆነህ ነው? ሥራ መፍታት ነው። ይቅርታ።

ጋሽ_ሞገድ · ሰኞ ማታ

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ግን ቴሌግራም ላይ ለማን ነው የምትደውለው? ስልኩን ለምታውቀው ሰው። እኛ «ሲኪው» ብለን እንጣራለን። «ማንም የሰማኝ ይመልስልኝ» እንደማለት ነው። ማን እንደሚመልስልህ አታውቅም። እኔን አንድ ሌሊት የመለሰልኝ ፊንላንድ ውስጥ የሚኖር ጡረታ የወጣ የባቡር ሹፌር ነው። ንብ ያረባል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ንብ አወራን። በክረምት ቀፎውን ምን እንደሚያለብሰው ነገረኝ፤ እኔም አያቴ ቀፎ በምን ታጥን እንደነበር ነገርኩት። አንተ ከዳላስ ሆነህ ያን ሰውዬ በምን ታገኘዋለህ?

ቀጥተኛው · ሰኞ ማታ

ቲክቶክ ላይቭ ላይ የማላውቀው ሰው ሞልቷል ጋሼ። ያውም ስጦታ እየጠየቀኝ።

የፓልቶክ_አድሚን_ነበርኩ (ሚኒያፖሊስ) · ማክሰኞ

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እኛ ሐበሾች እኮ ሳናውቀው የራሳችንን ሃም ሬዲዮ ሠርተን ነበር። ፓልቶክ!

ለማታውቁት ልጆች፦ ፓልቶክ ክፍሎች ያሉት የድምፅ ሶፍትዌር ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት (በፈረንጅ) ዳያስፖራው ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ነበር የሚያድረው። ማይክ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው እጅ ያነሣል፣ ተራ ይጠብቃል። ተራው የደረሰው ሰው ገና ሰላምታ ሳይሰጥ የሚለው ምን መሰላችሁ? «ድምፄ ይሰማል? የሚሰማችሁ እስቲ 1 ጻፉልኝ።» ከዚያ ጽሑፉ ላይ 1 1 1 1 እየተባለ ይዘንባል። አንዱ ሁሌም «ይቆራረጣል» ይላል። ያ ሰው ከየት እንደሚመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የማንም ድምፅ ጠርቶለት አያውቅም።

የተሳደበ ሰው ቀይ ነጥብ ይደረግበታል። ቀይ ነጥብ ያለበት ማይክ አይዝም፣ መጻፍም አይችልም። እኔ በአንድ ሌሊት 40 ሰው ቀይ ያደረግኩበት ጊዜ አለ። በማግሥቱ 40ውም በሌላ ስም ተመለሱ።

ሽቦ_ያዡ፣ ፈቃድ ሳታወጣ እንዲህ ዓይነት ነገር ከፈለግክ ማምብል ውሰድ። በነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። እኔ ሰርቨሩን የሲጋራ ፓኮ በምታክል፣ ራስበሪ ፓይ በምትባል ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ቲቪው ሥር አስቀምጬዋለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሥራ ሁለት የምንሆን የድሮ ጓደኛሞች እንገባለን። ተጭነን ነው የምናወራው። ድምፁ ከቴሌግራም ይልቅ ጥርት ይላል፤ ምላሹም ቶሎ ነው። ወንድምህም ከአዲስ አበባ ይገባል፤ ማንም ፈቃድ አይጠይቀውም።

ጋሽ_ሞገድ · ማክሰኞ

የ1 ቁጥሩ ነገር ደስ አለኝ። የኛ የሲግናል ሪፖርት እኮ ነው። «5 9» ካልን ቃልህ ይለያል፣ ጉልበትህም ደህና ነው ማለት ነው። «3 2» ካልን ደግሞ በመከራ ነው የምንሰማህ። የሚያስቀኝ ኤኮሊንክ ላይ በስልክ የገባ ሰው ለሌላ በስልክ ለገባ ሰው «5 9 ነህ» ሲለው ነው። ምኑን ለካው? የዋይፋዩን?

ፓልቶክን ግን እኔም ገብቼ አይቼዋለሁ፤ አንድ ሳምንት አልቆየሁም። ልዩነቱ ስሙ ነው። እዚያ ሰው ሁሉ በጭምብል ነው የሚገባው። እዚህ የጥሪ ምልክትህ፣ ማለትም አየር ላይ የምትጠራበት የፊደልና የቁጥር ስም፣ ከፈቃድህ ጋር የታሰረ ነው። መንግሥት ያውቅሃል፣ ሰሚው ያውቅሃል። 40 ጊዜ ስም ቀይረህ አትመለስም። ሰውን ጨዋ ያደረገው ትምህርት አይምሰልህ፤ ስሙ ነው።

ቀለሟ (አሌክሳንድሪያ) · ማክሰኞ

ጋሽ ሞገድ ያሉት እውነት ነው፣ ግን ሌላ ጎን አለው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ስታወጣ የምትሰጠው አድራሻ በኢንተርኔት ለማንም ይታያል። የጥሪ ምልክትሽን ጽፎ የቤትሽን ቁጥር ማየት ነው። እኔ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምኖረው። ስለዚህ የፖስታ ሣጥን ተከራይቼ ነው የተመዘገብኩት። ይህን ከፈተናው በፊት እወቅ፤ በኋላ መቀየር ቢቻልም የድሮው ተለጥፎ ይቀራል።

ፈተናው ራሱ አያስፈራም። የመጀመሪያው ደረጃ ቴክኒሽያን ይባላል። 35 ጥያቄ ነው፣ 26 ከመለስክ አለፍክ። የጥያቄው ባንክ ከነመልሱ በይፋ ታትሟል፤ ማጥናት ያንተ ፈንታ ነው። እኔ ባቡር ላይ በስልኬ እየሠራሁ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሞርስ ኮድ ድሮ ነበር፤ ከ2007 (በፈረንጅ) ወዲህ ለየትኛውም ደረጃ አይጠየቅም። ቤትህ ሆነህ በቪዲዮም መፈተን ትችላለህ። ካሜራውን ይዘህ ክፍሉን ዙር ይሉሃል፤ ጠረጴዛው ሥር ሳይቀር። የእኔን ያልታጠበ ልብስ ሦስት ፈረንጅ ቆሞ አይቶታል።

ለመንግሥት የሚከፈለው 35 ዶላር ነው፣ ፈቃዱ 10 ዓመት ያገለግላል። ዜግነትም ግሪን ካርድም አይጠይቁም። አሜሪካ ውስጥ የፖስታ አድራሻ ካለህ በቂ ነው። የማይፈቀድለት የውጭ መንግሥት ወኪል ብቻ ነው። ኤምባሲ የምትሠሩ እንግዲህ ይለፋችሁ።

ቀንዲል (ፍራንክፈርት) · ረቡዕ

ሐምስፊርን ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ።

ስክሪኑ ላይ ሬዲዮ ይመጣል። ማዞሪያ አለው፣ ባንድ አለው፣ መርፌ አለው። ስታዞረው ይንሿሿል። ሰው ስታገኝ ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ልክ እንዳልከው። ልዩነቱ ጫጫታው የተሠራ መሆኑ ነው። እውነተኛው አጭር ሞገድ ላይ ድምፅህ ሽቅብ ወጥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን የአየር ንብርብር መትቶ ይመለሳል። ያ ንብርብር በፀሐይ ጉልበት ነው የሚፈጠረው። ቀን ሌላ ነው፣ ማታ ሌላ። ሐምስፊር ይህንን በሒሳብ ይኮርጀዋል። ፈቃድ የሌለው ሰውም የራሳቸውን የጥሪ ምልክት ተሰጥቶት ይገባል። ሙሉውን ለመጠቀም ግን ክፍያ አለው።

አሻንጉሊት ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሬዲዮ ላይ እንዴት እንደሚወራ፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ ስም በፊደል እንዴት እንደሚነገር የተማርኩት እዚያ ነው። እውነተኛው አየር ላይ ስወጣ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ዲሽ_ሠሪው (ናታንያ) · ረቡዕ

ቀንዲል አትቀየመኝ፤ ይህ በኮምፒውተር ዓሣ ማጥመድ ነው። ውኃው የለም።

ጫጫታውን ሰው ከሠራው፣ ጥበቡ ምኑ ላይ ነው? ፀሐይዋ ዛሬ ጥሩ ቀን ካላት አውስትራሊያ ይገባልሃል፤ ከከፋት ጎረቤትህን አትሰማም። ጨዋታው ይህ ነው። ኤኮሊንክም ያው ነው። አውስትራሊያን ሁልጊዜ ታገኛለህ። ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር ደግሞ ምን ይናፍቃል?

ቀንዲል · ረቡዕ

አንተ ጣሪያ አለህ። እሱ የለውም። ጣሪያ ያለው ሰው ስለ ናፍቆት ማውራት ይቀለዋል።

ምንትዋብ (ሻርጃ) · ረቡዕ ሌሊት

እኔ ከሁላችሁም የተለየ ጥያቄ ነው ያለኝ። ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ የዋትስአፕ መደወያ አይሠራም፣ በቦቲም ነው የምንደዋወለው። ማውራት አልፈልግም፤ ቀኑን ሙሉ ስታዘዝና «እሺ» ስል ነው የምውለው። ማታ ሥራ ጨርሼ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ያ የምትሉትን የሚመጣና የሚሄድ ድምፅ ብሰማው ይበቃኛል። እቤታችን የአያቴ ሬዲዮ እንዲያ ነበር። ያለ ዕቃ፣ በስልክ ብቻ ይቻላል?

ጋሽ_ሞገድ · ረቡዕ ሌሊት

ይቻላል የኔ ልጅ። በደንብ ይቻላል።

ዌብኤስዲአር ብለሽ ፈልጊ። ሆላንድ ውስጥ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ያለው የታወቀ ነው። እውነተኛ አንቴና ጣሪያ ላይ ተተክሏል፤ ሬዲዮውን በብሮውዘር ሰው ሁሉ ይጋራዋል። ማሳያው ላይ ከላይ ወደ ታች እንደ ፏፏቴ የሚወርድ ቀለም ታያለሽ። ደመቅ ያለ መስመር ካለ እዚያ ሰው አለ ማለት ነው። በጣትሽ ንኪው። የሚያወራ ሰው ድምፁ እንደ ዳክዬ ከሆነብሽ ትንሽ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ጎትቺው፤ ድንገት ሰው ይሆናል። 7 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ማታ ማታ አይጠፉም።

ማመልከቻ የለ፣ ፈተና የለ። አንቺ አትናገሪም፣ ትሰሚያለሽ።

ሽቦ_ያዡ፣ አንተም ከዚህ ጀምር። ያ ሆድህን ያባባው ድምፅ ያለው እዚህ ነው፤ ኤኮሊንክ ላይ አታገኘውም። ኤኮሊንክ ላይ ድምፅ ይቆረጣል እንጂ አይሄድም አይመጣም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዲሽ_ሠሪው · ሐሙስ

ምንትዋብ እህቴ፣ አንቺ ካለሽበት በላይ ሰማዩ ላይ ሌላም አለ። ኳታሮች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ያመጠቁት ኤስሃይል 2 የሚባል ሳተላይት ላይ ለአማተሮች የተተወ ቦታ አለ። በ2019 የካቲት ተከፈተ። ሳተላይቱ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያያል። ኢትዮጵያ፣ ገልፍ፣ እስራኤል፣ አውሮፓ ሁሉም እሱ ሥር ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ ቅሩ።

የሚገርመው ቦታው ነው። 25.9 ዲግሪ ምሥራቅ። ባድር የሚባለው የአረብሳት ሳተላይት 26 ላይ ነው ያለው፤ ጎረቤታሞች ናቸው። አረብሳት የሚስበውን የሰፈር ዲሽ ምንም ሳልነካው ነው የሰማሁት። ፍላሽ የምታክል የ30 ዶላር መቀበያ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ። የቴሌቪዥን ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለችው መቀበያ) ከመጣው ፍሪኩዌንሲ ላይ 9750 ሜጋኸርትዝ ይቀንሳል፤ የአማተሮቹ ድምፅ የሚወርደው 10489.5 ላይ ስለሆነ 739.5 ላይ ታገኘዋለህ። ኤልኤንቢው መብራት ከሪሲቨሩ ነበር የሚያገኘው፤ አሁን ሌላ ምንጭ ትሰጠዋለህ። የመጀመሪያው ቀን ይህን ረስቼው ሁለት ሰዓት ባዶ ጫጫታ ሳዳምጥ ዋልኩ። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል፤ የምሰማው ሰውዬ ቀስ በቀስ ዳክዬ እየሆነ ይሄድብኛል።

ለመናገር ፈቃድ ያስፈልጋል። ለመስማት ደግሞ ዲሹም ባይኖርሽ እንግሊዝ አገር ጉንሂሊ ያለው ዌብኤስዲአር በብሮውዘር ያሰማሻል።

አምስት_ኪሎ (አዲስ አበባ) · ሐሙስ

ሰላም ለሁላችሁ። ተማሪ ነኝ። ስለ ወንድምህ የማውቀውን ልንገርህ።

እዚህ አማተር ሬዲዮ አለ፤ ሰው ስለማያውቀው ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ነው ያለው፤ የጥሪ ምልክቱ ኢቲ3ኤኤ። ኢቲ ብሎ የሚጀምር ጣቢያ አየር ላይ ብዙ ስለማይገኝ አንድ ጊዜ «ሲኪው» ሲባል የዓለም ሰው እንደተነካ ቀፎ ግር ብሎ ይመጣል። ድምፅ በድምፅ ላይ ነው። ከዚያ ትርምስ ውስጥ አንድ ፊደል ለቅመህ «በኤፍ የሚያልቀው ብቻ» ትላለህ። ሁሉም ይጮኻል፤ በኤፍ የማያልቀውም ጭምር። ወንድምህ ከልቡ ከፈለገ ሄዶ ይጠይቅ።

እስከዚያ ከአንተ ጋር ለማውራት ዜሎ ይበቃዋል፤ ስልክን እንደ ዎኪቶኪ የሚያደርግ መተግበሪያ ነው። የስልኩ የድምፅ ማጉያ ቁልፍ የመናገሪያ ቁልፍ ይሆንልሃል። ያልሰማኸው መልእክት ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ዳታ አይበላም ማለት ይቻላል። ኤኮሊንክም እንደዚያው፤ ድምፁን በጣም ጨምቆ ስለሚልክ ሰዓቱን ሙሉ ብታወራ 10 ሜጋ አይሞላም። ያን ያህል ዳታ በቲክቶክ በሁለት ቪዲዮ ያልቃል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ወደዚህ ስትመጣ ለወንድምህ ዎኪቶኪ ይዘህለት እንዳትመጣ። ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ይያዝብሃል።

ደግሞ ይህን ሁሉ የምለው ኢንተርኔት ሲኖር ነው። በኛ አቆጣጠር በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ የጠፋ ጊዜ ዜሎም ኤኮሊንክም ያው የስልክ ማስጌጫ ነበሩ።

ቀጥተኛው · ሐሙስ

እና ማን ነው ያን ጊዜ ያጠፋው? እስቲ ንገረን

አስተናጋጅ · ሐሙስ

ቀጥተኛው፣ ለዚያ ሌላ ክር አለ። እዚህ ስለ አንቴና ነው።

የሂውስተኗ_ነርስ (ሂውስተን) · ዓርብ

ዜሎን እንደ ጨዋታ አትዩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ነሐሴ ላይ ሐሪኬን ሃርቪ የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ እዚህ ነበርኩ። ውኃው እኛ መንገድ ላይ የመኪና መስኮት ደርሷል። የአደጋ ጊዜው ስልክ 911 መስመሩ ተጨናንቆ አይነሣም። ጎረቤቴ ዜሎ ክፈቺ አለችኝ። ጀልባ ያላቸው ሰዎች ከሉዊዚያና ሳይቀር መጥተው እዚያ ቻናል ላይ ነበሩ። አንዱ አድራሻ ይናገራል፣ «ሁለት አዛውንት፣ አንዷ ኦክስጅን ላይ»፤ ሌላው «እኔ ሦስት መንገድ አጠገባቸው ነኝ» ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሰማሁት። ሊያወጣቸው የሄደው ሰውዬ ከጀልባው ሆኖ «ይዣቸዋለሁ» ሲል ኩሽናዬ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የሞባይል ኔትወርኩ አልሞተም ነበር። ያ ነው የረዳን።

ጋሽ_ሞገድ · ዓርብ

እግዜር ያክብርሽ፣ ጥሩ ነገር አነሣሽ። በወሩ መስከረም ላይ ሐሪኬን ማሪያ ፖርቶሪኮን ሲመታ ደግሞ መብራቱም የሞባይሉም ማማ አብሮ ወደቀ። ዜሎ እዚያ ምንም ማድረግ አይችልም። ያኔ ነው ቀይ መስቀል የአሜሪካ አማተሮችን ማኅበር 50 ሰው ስጡኝ ያለው። ከነሬዲዮናቸው፣ ከነሽቦአቸው፣ ከነጄኔሬተራቸው። «ደህና ነኝ» የሚሉ የሰዎች ስም ዝርዝር በአጭር ሞገድ ነው የወጣው።

ስለዚህ ዲሽ_ሠሪውና ቀንዲል የምትጣሉበት አይታየኝም። መንገዱ ካለ በመንገዱ ሂድ። መንገዱ ሲፈርስ የሚሻገር ሰው ግን ሽቦ ማሰር አስቀድሞ የተማረ ሰው ነው።

ሽቦ_ያዡ፣ 9ኛ ፎቅ ደግሞ ጸጋ ነው እንጂ መርገም አይደለም። ቴክኒሽያን ከሆንክ በኋላ ከፍታው ራሱ አንቴና ነው። በትንሿ የእጅ ሬዲዮ መስኮት ላይ ቆመህ የከተማውን ሪፒተሮች ትይዛለህ። ከ28.3 እስከ 28.5 ሜጋኸርትዝም ተፈቅዶልሃል፤ ፀሐይዋ ስትነቃ በቀጭን ሽቦ ከበረንዳ ውስጥ አውሮፓ ይገባል። ሽቦው ክር የሚያህል ይሁን። የኮንዶው ማኅበር የማያየውን አይከለክልም፤ ይህን ግን እኔ አልነገርኩህም።

ምንትዋብ · ቅዳሜ ሌሊት

ጋሼ፣ ገባሁ። ከትዌንቴው። መጀመሪያ ዳክዬ ነበር፣ ከዚያ ሰው ሆነ። ቋንቋቸውን አላወቅኩትም፤ ጣልያን ሳይሆኑ አይቀሩም። ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንዱ ሲያወራ ያስለዋል። እያዳመጥኩ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል።

ሽቦ_ያዡ · ከአምስት ሳምንት በኋላ

ቤተሰብ፣ ዘገየሁ። ተፈተንኩ። ከ35 31 አገኘሁ። ቀለሟ፣ ጠረጴዛ ሥር አዩኝ፤ የልጄ ሌጎ ብቻ ነበር። የፖስታ ሣጥኑንም ተከራየሁ።

ኤኮሊንክ ኮምፒውተሬ ላይ መጀመሪያ እምቢ አለኝ። ዝርዝሩ ይመጣል፣ ማንም ግን አይገናኝም። ለካ ራውተሩ ላይ 5198 እና 5199 የሚባሉ በሮች መከፈት ነበረባቸው። ያ አንድ ማታ በላብኝ። ስልኬ ላይ ግን ራሱ መንገድ ፈልጎ ገባ።

አሁን አንድ ችግር አለብኝ። ለሙከራ ቁጥር 9999 ላይ ገባሁ፤ የተናገርከውን ቀድቶ መልሶ የሚያሰማህ ነው። «ሰላም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው» እላለሁ። ሲመልስልኝ «ላም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው» ይለኛል። አሥር ጊዜ ሞከርኩ። አሥሩንም ላም። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነች፤ ከኩሽና ብቅ ብላ «ሌሊቱን ሙሉ ላም ላም የምትለው ላም ልትገዛ ነው?» አለችኝ። ምን ላድርግ?

ጋሽ_ሞገድ · በዚያው ሌሊት

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ጣትህ ገና ሳይጫን አፍህ ቀድሞ ነው። ተጫን፣ በልብህ አንድ ቁጠር፣ ከዚያ ተናገር። ስትጨርስም ወዲያው አትልቀቅ፤ ትንሽ ቆይ። የሌላው ሰው ሲጨርስም እንዲሁ፣ ሁለት ሰከንድ ተወው፤ በመሀል ሌላ መግባት የሚፈልግ ሊኖር ይችላል።

ቅዳሜ 18 ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም የጋራ ሰዓት) እኔ እገባለሁ። ቀለሟም ትገባለች። አምስት_ኪሎ፣ ለአንተ ከምሽቱ ስንት ይሆናል?

አምስት_ኪሎ · በማግሥቱ

በኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው ጋሼ። ከዩቲሲው 3 ይቀንሱ፣ የሐበሻ ሰዓት ይመጣልዎታል። 15 ከሆነብዎት 12 ያውጡለት። ወንድሙ እኔ ጋ ደውሎልኛል፤ ማክሰኞ ግቢ እንገናኛለን ብለናል።

ሽቦ_ያዡ · በማግሥቱ ማታ

አንድ ቆጥሬ ተናገርኩ። «ሰላም» አለኝ። እናቴም ሰማችው፤ «አሁን ሰው ሆነ» ብላ ወደ ሽሮዋ ተመለሰች።